ማርቆስን አልቀበልም ያለው ማሽን

እንደ እኔ ያለ ሰው «ቀላል ነው» ማለት በሕግ ቢከለከል ለአገርም ለቤተሰብም ጥሩ ነበር። ጎንደር ፒያሳ ውስጥ ካለች ጠባብ ሱቄ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኛ ገብቶ «ይሠራልሃል?» ሲለኝ፣ ማሽኑ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደነካው፣ ውስጡ አይጥ ይኑር አይኑር ሳላይ «ቀላል ነው» እላለሁ። አይጥ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ከማክሰኝት የእህል መጋዘን በመጣ ኮምፒውተር ውስጥ እናቲቱን ከነልጆቿ አግኝቻለሁ። ማሽኑን ጠግኜ ለባለቤቱ መለስኩ፤ አይጦቹ ግን ሰፈሩን ወደውት እስካሁን ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ጋር እያጣሉኝ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። መስከረም ላይ መምህርት ብርቱካን ደወለችልኝ። ብርቱካን ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። ስንመረቅ እኔ ከተማ ቀረሁ፤ እሷ ጃናሞራ ወጥታ መካነ ብርሃን ኮምፒውተር ታስተምራለች። ኮምፒውተር ታስተምራለች ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ እስከዚህ ዓመት ድረስ ያስተማረችው ያለ ኮምፒውተር ነው። ኪቦርዱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትስለዋለች፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየወጡ ስማቸውን በጣታቸው ሰሌዳው ላይ «ይተይባሉ»። ደወል ሲደወል የሁሉም ጣት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዘንድሮ ግን ከውጭ አገር በእርዳታ እውነተኛ ኮምፒውተሮች መጡላት።

«ይበራሉ፤ ሸጋ ሆነው ይበራሉ» አለችኝ። «ችግሩ ልጆቹን የማስተምርበት የፕሮግራም ቋንቋ አልጫንም አለኝ። ይህን ማሽን አላውቀውም ይላል።»

«ቀላል ነው» አልኳት።

ቀላል አልነበረም። ነገሩን ኮምፒውተር ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ፤ የሚያውቀውም ቢሆን ዝም ብሎ ያንብብ። የኮምፒውተርን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው ዕቃ ነው። ዓለም ላይ በብዛት ያሉት የፕሮሰሰር ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። እርዳታ ሰጪዎቹ የላኳቸው ማሽኖች ውስጥ ያለው ግን ከእነዚህ አይደለም፤ የሠራው ድርጅት ራሱ ሳይረሳው የማይቀር ዓይነት ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ደግሞ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። ታዲያ አስተርጓሚው የዚህን ፕሮሰሰር ቋንቋ አልተማረም። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «አይሆንም፣ እህቴ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እኔ አስተርጓሚውን ቋንቋ ላስተምር ተነሣሁ። ኮምፓይለሩ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁታል፣ የቻለም ይጨምርበታል። እኔ እስከዚያ ቀን አንዲት ነጥብ እንኳ ጨምሬበት አላውቅም፤ ለመጨመር ግን ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ብርቱካን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እባክህ እንዳታሾፍብኝ። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ሊወስድብኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ምድብ መማሪያ ክፍል የለውም። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ይማራሉ። የመካነ ብርሃንን የጠዋት ንፋስ የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ አስማረ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግ በመሆናቸውም ልጅ ደጅ ተቀምጦ የማይሠራ ማሽን ክፍል ውስጥ መሞቁ እንቅልፍ ነሣቸው። ኅዳር ላይ ከወረዳ እንግዳ ይመጣል። በዚያን ቀን ማሽኖቹ አንድ ጠቃሚ ነገር ሠርተው ካሳዩ ይቆያሉ፤ ካልሆነ ወደ ካርቶናቸው ይገባሉ፣ ዘጠነኛ ክፍልም በቦታቸው ይገባል።

«ቢወስዱትም አልፈርድባቸውም» አለች ብርቱካን። «እነዚያም ልጆቼ ናቸው። ግን ተመልሼ ኪቦርድ በጠመኔ ልሣል?»

እስከዚያ ድረስ ሥራውን የፈለግሁት ለስሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሷ ሆነ።

ሥራውን እንዲህ አደራጀነው። ከማሽኖቹ አንዱ በስልክ ኢንተርኔት ከኔ ሱቅ ጋር እንዲገናኝ ተደረገ። ስልኩ ኔትወርክ እንዲያገኝ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ማሽኖቹ ግን አንድ ሕመም አለባቸው፤ ቀን የሚያስታውሱበት ትንሿ ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የት ዘመን እንዳሉ ይረሳሉ። መልሰው ሲነሡ «ዓመት? ወር? ቀን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰው ካልመለሰላቸው ወደ ሌላ ሥራ አይሄዱም። መካነ ብርሃን ላይ መብራት ደግሞ እንዳሻው ነው። የመጀመሪያውን ቀን እኔ በስልክ እየነገርኳት ብርቱካን ሞላች። ከዚያ በኋላ እሷ ክፍል ለክፍል ስለምትሯሯጥ ኃላፊነቱን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አያ ዋሴ ተቀበሉ።

«አያ ዋሴ፣ ማሽኑ ሲጠይቅዎት ይመልሱለታል አይደል?» አልኳቸው በስልክ።

«ምነው አልመልስለት?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ይኸን ያህል ተጨንቆ እየጠየቀኝ!»

በመጀመሪያው ቀን ኮምፓይለሩን ማሽኑ ላይ ሠራሁት። ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያቃስት ዋለና ጨረሰ። በነጋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተንኩት፤ አንድና አንድ ስንት ነው አልኩት። ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ከምናምን ነው አለኝ።

አልደነገጥኩም። ይህ ፕሮሰሰር ቁጥርን ትውስታው ውስጥ የሚደረድረው እኛ ከለመድነው በተቃራኒ፣ ከወዲያ ወደ ወዲህ ነው። ይህን ለአስተርጓሚው አልነገርኩትም ነበር። ማስተካከያው አንዲት መስመር ናት። ጻፍኳት፤ «ኮምፓይለሩን እንደገና ሥራ» ብዬም አዘዝኩ። ማሽኑ በዓይን ጥቅሻ «ሁሉም ዝግጁ ነው» አለኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የፈጀበት ሥራ ዛሬ እንዲህ ሲፈጥን አይቼ፣ ማሽኑ ሥራውን ለመደ ብዬ በጣም ተደሰትኩ። አንድና አንድ ስንት ነው? ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን።

እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው አልኩና ሌላ ቦታ ቀየርኩ። ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን። የቀየርኩትን መልሼ ቀየርኩ። ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን። መደመሩን ትቼ መቀነሱን ነካካሁ፤ ከዚያ ማባዛቱን፣ ከዚያ ማንም ጥፋት አለበት ብሎ የማያስበውን ሁሉ። የቱንም ያህል ባጠፋ፣ የቱንም ያህል ባለማ ከመልሱ አንዲት ቁጥር እንኳ አትነቃነቅም። ማሽኑ ግን ሁልጊዜ ፈጣን፣ ሁልጊዜ «ዝግጁ» ነው። ሲያዝ እንዲህ ቶሎ የሚታዘዝ፣ ሲጠየቅ እንዲህ በአቋሙ የሚጸና ፍጡር አይቼ አላውቅም።

ማሽኑ አላስጠነቀቀኝም ብል ሐሰት ነው። በታዘዘ ቁጥር ከታች በትንሽ ጽሑፍ «ሰዓቱ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም» ይለኝ ነበር። እኔም ነገር የማልንቅ ሰው ስለሆንኩ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይላል። ወደ ውጭ አንገቴን አውጥቼ ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁት፤ እሱም አራት ሰዓት ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ማስጠንቀቂያ አላነበብኩትም።

የሱቁ ሥራዬ ተበላሸ። የቆላ ድባውን ነጋዴ ፕሪንተር ለአንድ ዲያቆን ሰጥቼ፣ የዲያቆኑን ላፕቶፕ ለነጋዴው ላክሁ። ነጋዴው ለብዙ ቀን ወረቀት የሚገባበትን ቀዳዳ ሲፈልግ ቆይቶ ነው አሉ የደወለልኝ። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለኮምፓይለሩ ጠባቂዎች የጻፍኩትን ሁሉ ልኬ ምክር ጠየቅሁ። አንዱ በትሕትና «ከቀየርክ በኋላ እንደገና ሠርተኸዋል?» ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ። እኔን? ጀማሪ መሰልኩት? ስለ ልምዴና ስለ ሱቄ ረጅም መልስ ጻፍኩለት። ደግነቱ ኔትወርክ ተቋረጠና አልተላከም።

ጥቅምት እየገፋ ሄደ። ብርቱካን መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ በኋላ መደወሉን ተወች። ይህ ከመደወሏ ይልቅ አስጨነቀኝ። አንድ ቀን የደወሉት ጋሽ አስማረ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ አንድና አንድ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ነው ይላል የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። እያስተካከልኩት ነው።»

«አታስተካክለው። የትምህርት ቤቱን በጀት በሱ እናሠራው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «ስማ፣ ይህችን ልጅ ማሳዘን አልፈልግም። ግን ትናንት አንዷ ተማሪ ደጅ ተቀምጣ እጇ ደንዝዞ እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። የማደርገውን ንገረኝ እስኪ?»

ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ለብርቱካን «አልቻልኩም» የምልበትን አነጋገር ስፈልግ ዋልኩ። ስድስት ፊደል ብቻ ያለው ቃል ነው፤ ከአፌ አልወጣ አለ።

ልነግራት የቆረጥኩበት ቀን ጥቅምት ሠላሳ ነበር። ስልኬን ሳነሣ ቀድሞ ጮኸ። አያ ዋሴ ናቸው።

«ልጄ፣ ደኅና አደርህ ወይ? ይኸ ማሽን ዛሬ እምቢ ብሎኛል።»

«ምን አለዎት፣ አያ ዋሴ?»

«መብራት ጠፍቶ መጣ። እንደልማዱ ቀኑን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የለም ይለኛል! እንዲህ ያለ ቀን የለም!»

«ምን ብለው ነገሩት?»

«ምን እለዋለሁ? ማርቆስ ነዋ! ጥቅምት ሠላሳ። ወር ሁለት፣ ቀን ሠላሳ። ባለፈው መድኃኔ ዓለም ዕለት ነገርኩት፣ ተቀበለኝ። በአማኑኤልም ተቀበለኝ። ትናንት መብራት ስላልጠፋ አልጠየቀኝም። ማርቆስን ምነው ጠላው?»

ያሉትን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወር ሁለት፣ ቀን ሠላሳ። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን ኖሮት አያውቅም።

«አያ ዋሴ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ዓመቱንስ ስንት ብለው ነው የሚነግሩት?»

«ያለንበትን ነዋ! የስንት ዓመቱን ልነግረው ኖሯል?»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለካ ቆሜ ኖሯል። ሁሉም ነገር ገባኝ። ማሽኑ ሰነፍ ሳይሆን ቆጣቢ ነው። እንደገና ሥራ ሲባል መጀመሪያ ቀን ያነጻጽራል። ካለፈው ሥራ ወዲህ የተጻፈ አዲስ ነገር ካለ ይሠራል፤ ከሌለ «ዝግጁ ነው» ብሎ ያርፋል። በመጀመሪያው ቀን ብርቱካን የሞላችው እኔ የነገርኳትን የፈረንጅ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ አያ ዋሴ በየጊዜው በኛ ዘመን ሲሞሉ፣ እኔ የጻፍኩት ሁሉ ለማሽኑ ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ሆነ። የድሮ ነገር ነው፣ ሠርቼ ጨርሼዋለሁ እያለ ሲያልፈው ከርሟል። ከዚያች ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የለፋሁት ሁሉ አንድም ቀን ኮምፓይለሩ ውስጥ አልገባም። ያ ትሑት የኮምፓይለር ጠባቂ የጠየቀኝ ጥያቄ ትክክል ነበር።

«ተሳሳትኩ እንዴ?» አሉ አያ ዋሴ ከስልኩ ማዶ። ድምፃቸው ፈርቷል። «ክፍሉን በኔ ምክንያት ሊወስዱባት ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ቀኑ ልክ ነው፣ አያ ዋሴ። እርስዎ እውነቱን ነው የነገሩት። እሱ ነው አገሩን የማያውቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱካን በየጠዋቱ የፈረንጁን ቀን ሰሌዳው ጥግ ላይ ትጽፍላቸዋለች፣ እሳቸውም ለማሽኑ ያንን ይነግሩታል። ሲጀምሩ ትንሽ አንገራግረው ነበር። በኋላ «ለሱ የነሱን እለዋለሁ፤ እኔ ግን ማርቆስን ማርቆስ ነው የምለው» ብለው ተስማሙ።

የጻፍኩትን ሁሉ በአዲሱ ቀን መልሼ አስቀመጥኩና ማሽኑን እንደገና ሥራ አልኩት። ከጠዋት እስከ ማታ አቃሰተ። ማቃሰቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማታ ላይ አንድና አንድ ስንት ነው አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ብጠይቀው ደንዝዞ ቀረ። ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ በንዴት የከመርኩት ለውጥ በአንድ ቀን ተሰብስቦ ገብቶለታል። የነካካሁትን መቀነስ፣ ያበላሸሁትን ማባዛት፣ ማንም የማያስበውን ሁሉ አንድ በአንድ ስነቅል ሰነበትኩ። ሁሉም ተነቅሎ ሲያልቅ የቀረችው ያቺ የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ናት። አንድና አንድ ሁለት ሆነ። ጮህኩ። ስልኳን ልታስጠግን የመጣች ሴት ስልኳን አፍሳ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ኅዳር ላይ እንግዳው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ እኔም ደባርቅ ላይ መኪና ቀይሬ መካነ ብርሃን ገባሁ። ሁለት ጃኬት ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ የተደረደሩትን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሳይ አፍሬ ጃኬቴን አንዱን አወለቅሁ፤ ማንን ልስጥ እንደሆነ ግራ ገባኝና መልሼ ለበስኩት።

እንግዳው ረጋ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ብርቱካን መሠረት የምትባለውን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አቀረበች። ልጅቱ የእንግዳው መኪና ግቢ ሲገባ ነው ፕሮግራሟን የጨረሰችው። የተወለዱበትን ዓመት ሲነግሩት ዕድሜ የሚናገር ፕሮግራም ነው። እንግዳው ፈገግ ብለው በአንድ ጣታቸው ዓመቱን ጻፉ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና መለሰ።

ዕድሜዎ 61 ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ስልሳ አንድ ቁጥር አይደለም፤ የጡረታ ሽኝት ነው። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ስልሳ አንዱ አልተቀነሰም።

«ይህ ማሽን» አሉ ዝግ ብለው፣ «ከሌላ ቦታ ጋር ይገናኛል እንዴ?»

«ከመላው ዓለም ጋር!» አልኩ እኔ ደረቴን ነፍቼ።

ብርቱካን እግሬን ረገጠችኝ። ጋሽ አስማረ ግንባራቸውን ያዙ። መሠረት ልታለቅስ ደርሳ «ቲቸር፣ እኔንም ሃያ ሦስት ይለኛል» አለች። ገና አሥራ ስድስቷ ነው። በር ላይ የቆሙት አያ ዋሴም «እኔንማ አሁን ልትገቡ ስትሉ ብጠይቀው አስረጀኝ። ምነው እንዲህ ያጣድፈናል?» አሉ።

ሁሉም ነገር ያከተመ መሰለኝ። ብርቱካን ግን አልተደናገጠችም። «ጋሼ» አለች ወደ እንግዳው ዞራ፣ «ማሽኑ ያለው በፈረንጅ ዓመት ነው፤ እርስዎ የነገሩት የኛን ዓመት ነው። ሰባት መቀነስ አለበት። መሠረት፣ እስኪ አስተካክይው።»

መሠረት ተቀመጠች። አንድ መስመር ጨመረችና ለኮምፓይለሩ ሰጠችው። እንግዳው ከጀርባዋ ቆመው ጠበቁ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። እንግዳው ዓመታቸውን እንደገና ጻፉ።

ዕድሜዎ 54 ነው።

እንግዳው በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ጋሽ አስማረም፣ ልጆቹም ተከተሉ። «ስንት መሥሪያ ቤት ዞሬያለሁ» አሉ እንግዳው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እንዲህ ጠቃሚ ሥራ የሠራልኝ የለም። ክፍሉ አይነካም!» ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው የፈረንጁ ዓመት ተለውጦ ሰባቱ ስምንት እንደሚሆን አልነገርናቸውም።

ብርቱካን ግን አልሳቀችም። በመስኮቱ በኩል ውጭ ታይ ነበር። እንግዳውም ዓይኗን ተከትለው አዩ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ደብተራቸውን ንፋስ እንዳይወስደው በክርናቸው ተጭነው ይጽፋሉ። የእንግዳው ሳቅ ቀዘቀዘ።

«ያኛው ክፍል ምንድነው?» አሉ ወደ ግቢው ማዶ እያመለከቱ።

«የመምህራን ማረፊያ ነው» አሉ ጋሽ አስማረ።

«ዘጠነኛ ክፍል እዚያ ይግባ።»

«እኛስ?»

«እናንተ ካፖርት አላችሁ።»

ጋሽ አስማረ የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወንበር ሊያወጡ ሄዱ። በዕረፍት ሰዓት መምህራኑ አጥሩ ሥር ልጆቹ በለቀቁት ድንጋይ ላይ ተደርድረው፣ የሻይ ብርጭቆአቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀመጡ። ንፋሱ ለማንም አልራራም። ቀድማ የተቀመጠችው ብርቱካን ናት፤ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ፣ ከማረፊያው የሚወጣውን የልጆቹን ጫጫታ እየሰማች ትስቅ ነበር።